የሰኔ ሚካኤል ደብዳቤ

በየሰፈሩ «ዛሬ ማን ነው?» ሲባሉ የዕለቱን ቅዱስ ሳያስቡ የሚጠሩ ሰዎች አታውቁም? የእኛ አገር ጋሼ ደምሰው እንዲያ ነበሩ። በጣሊያን ጊዜ ከሮቢ ወንዝ ማዶ ለመንገድ ሥራ በግድ ስንነዳ፣ አካፋ በቀረበላቸው ቁጥር አንድ ቅዱስ ይደርስላቸዋል። ወሩ ሠላሳ ቀን ነው፤ በእሳቸው ቆጠራ ቅዱሳኑ ይበልጣሉ።

የሰኔ ሚካኤል ዕለት የሥራው አለቃ ጣሊያኑ ትዕግሥቱ አለቀና ከወንዙ ወዲህ ላለው ለሮቢት ከተማ አዛዥ ደብዳቤ አስያዛቸው። የአለቃው አስተርጓሚ በጆሮዬ «ደብዳቤው ‹ይህን ያመጣውን እሰረው› ይላል» አለኝ። ሮጬ ደረስኩባቸው።

«ጋሼ፣ መታሰሪያዎን ነው የያዙት፤ ይጣሉት!»

«አደራ በሚካኤል ቀን ይጣላል? መምህር አይደለህ እንዴ? በዓሉ ለምን እንደሚከበር ረሳኸው?»

ማስረዳት የምወደው እኔ ተማሪ ሆንኩ! ባሕራን የሚባል ልጅ እንዲገደል የሚያዝዝ ደብዳቤ ሳያውቅ ይዞ ሲሄድ፣ ቅዱስ ሚካኤል መንገድ ላይ ጽሑፉን ለውጦ አዳነው። ሰኔ ዐሥራ ሁለት የምንዘክረው ይህንን ነው።

ጋሼ ደብዳቤውን በጋቢያቸው ቋጥረው ወንዙ ውስጥ ገቡ፤ እኔም ተከተልኩ። ደራሽ ጎርፉ እስከ ደረታችን ደረሰ። ሮቢት ደርሰን አዛዡ ወረቀቱን ሲዘረጋ ጽሑፉን ውሃ አጥቦት ማኅተሙ ብቻ ቀርቷል።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለ በራሱ አስተርጓሚ።

«ዛሬ ሚካኤል ነው» አሉ ጋሼ።

አዛዡ ወረቀቱ የበዓል ፈቃድ መስሎት አሰናበታቸው። እኔ እስካሁን አፌን እንደከፈትኩ ነኝ።

በማግስቱ አለቃው ሲያያቸው ክው አለ። እንደምንም አካፋውን ዘረጋላቸው።

«ጌታዬ፣ ዛሬ እኮ እግዚአብሔር አብ ነው!»

አለቃው ቀና ብሎ ሰማዩን አየና አካፋውን ቀስ አድርጎ መሬት ላይ አስቀመጠ።