አውሮፕላን የጣለልን ንባብ

ቆዩኝማ፣ ሳቄ ይለፍልኝ። ጎኔን እኮ ወጋኝ! ከምኑ ልጀምርላችሁ? ጥሩው ያለው ከኋላ ነው፤ ገና ከመነሻው ብስቅ አትታዘቡኝ፤ እኔ መጨረሻውን ስለማውቀው ነው።

ያሳቀኝ የወንድሜ ልጅ ነው። ሉማሜ ከተማ አስተማሪ ነው። ለበዓል መጣና ፊቱን ጥሎ ቁጭ አለ። ምን ሆንህ ብለው፣ አንድ መጽሐፍ ለሦስት ልጅ ነው የምናድለው አለኝ። ደግሞ ቀጠለና፣ ልጆቹ ቃሉን ይጠሩታል እንጂ የሚያነቡት አይገባቸውም፣ ምን እንደማደርግ ጨነቀኝ እትየ አለኝ። ይኸን ጊዜ ነው ሳቄ ያመለጠኝ። ተቀየመኝ። አስተማሪ ሲባል መቼም መቀየም ይወዳል።

አንድ ለሦስት! እኛ እኮ አንድ ለአገር ነበርን።

ጊዜው ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ላይ ምሽጉን ሠርቶ የተቀመጠበት ነው። ከተማው የሱ፣ ገጠሩ ያርበኛው። እኛ ከይጁቤ ወዲህ፣ ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ካለች ወይራ ሥር ፊደል እንቆጥራለን። መምህራችን የኔታ ደግ ሰው ነበሩ፤ ሲቆጡ እንኳ ቁጣቸው ከጢማቸው አይወጣም። ያለቻቸው አንዲት የብራና ፊደል ናት። እሷንም አይጥ ከጥጓ ቀምሷታል፤ የመጨረሻዎቹን ፊደሎች የተማርናቸው ከየኔታ አፍ ነው። ደህና አይጥ ነበር። ከሀ ቢጀምርብን ምን ይውጠን ነበር?

የኔታ ድንጋያቸው ላይ ይቀመጡና ብራናዋን ጉልበታቸው ላይ ይዘረጋሉ። ወንዶቹ በግራና በቀኝ ይሻማሉ። እኔስ? ሴት ብቻዬን ነኝ። እሱም ቢሆን አያቴ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ደዋይ ባይሆኑ ማን ያስጠጋኝ ነበር? አንቺ ከፊት ለፊት ተቀመጭ ተባልሁ። ተቀመጥሁ። ከፊት ለፊት ደግሞ ፊደል ሁሉ እግሩ ወደ ሰማይ ነው። እኔ ምን አውቄ! ሲፈጠርም እንዲያ ተዘቅዝቆ የተፈጠረ መሰለኝ። ሀ ለሌላው ልጅ ጽዋ ናት፤ ለእኔ ጎጆ ነበረች። እንዲሁ ለመድኋት። የኔታ ነቅተውብኝ ሳቁና፣ ይሁን፣ ከደረሰች በየትም ትምጣ አሉ።

ዛሬም አልለቀቀኝም። የወንድሜ ልጅ ጋዜጣ ሲዘረጋ ከፊት ለፊቱ እቀመጥና ከእሱ ቀድሜ እጨርሳለሁ። አቅንተህ ስጠኝ ካልሁት ግን አለቀልኝ።

ወደ ነገሬ ልመለስ። አንድ ቀን አውሮፕላን መጣ። ሰው ሁሉ ገደል ለገደል ተበተነ። ቦምብ ስንጠብቅ የወረደው ወረቀት ነው። ነፋስ እንደያዘው ገለባ እየተንሳፈፈ ወርዶ ማሳውን አለበሰው። ሽማግሌዎቹ፣ መርዝ አለበት፣ የነካው እጁ ይረግፋል አሉ። የኔታ ግን በመቋሚያቸው ገልበጥ አደረጉት፣ ጎንበስ ብለው አሸተቱት፣ አነሡት። ባማርኛ የተጻፈ፣ ድርድር ያለ ፊደል! አይጥ ያልደረሰበት! ፊታቸው በራ። ነገሩ የጣሊያን ነው፣ ፊደሉ ግን የእኛው ነው፤ ስለጻፈበት የሱ አይሆንም አሉ። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም ማለት ይኼ አይደል? ያን ዕለት ለእያንዳንዳችን አንዳንድ ወረቀት ደረሰን። የግል! ማንም የማይሻማን! እኔም ተቀበልሁና ወዲያው ዘቅዝቄ ያዝሁት።

ምን ይላል ወረቀቱ አትሉም? ለመንግሥታችን የገባ ምሕረት ያገኛል፣ ጠመንጃውን ያላስረከበ ቤቱ ይቃጠላል ይላል። እኛ መች ሰማነው! እስከዚያ ድረስ ንባብ ስንባል ግዕዝ ነው የምናውቀው። ግዕዝ ደግሞ ይነበባል እንጂ ይገባል ብሎ የነገረን የለም፤ የሚገባው ትርጓሜ ሲደርሱ፣ ጢም ሲያወጡ ነው። ስለዚህ ባማርኛ ሲመጣም አማርኛ መሆኑን ልብ ያለ ልጅ የለም። በዜማ እናወርደዋለን። ውኃ ስንቀዳ፣ ወፍ ስንጠብቅ፣ ቤቱ ይ-ቃ-ጠ-ላ-ል! እናቴ አንድ ቀን ስትሰማኝ እንስራዋን ልትለቀው ምንም አልቀራት።

ወሬ እግር የለውም ይሉናል፤ ጫካ ድረስ ግን ማን አደረሰው? የኔታ ባንዳ ሆነዋል፣ ልጆቹን ለጣሊያን ግቡ እያሉ ያስተምራሉ ተባለ። ግራዝማች መጡ። ግራዝማች ያገራችን አርበኞች አለቃ ናቸው። ስማቸውን ልተወው፤ ልጆቻቸው ጎረቤቶቼ ናቸው። ወይራዋን ከበው የኔታን የፊጥኝ አሰሯቸው። በዚያ ዘመን ባንዳ የተባለ ሰው ምን እንደሚያገኘው ሕፃንም ያውቃል። አንዱ አርበኛማ ቀና ብሎ ከወይራዋ ቅርንጫፍ ሲመርጥ አየሁት። ያን ጊዜስ አልሳቅሁም።

ግራዝማች የየኔታ ድንጋይ ላይ ተቀመጡና ከሁላችን ትልቁን ልጅ አንብብ አሉት። ወረቀቱን ይዞ እንደ ማር አንቆረቆረው።

«ምን ማለት ነው?» አሉት።

ልጁ ግራዝማችን አየ፤ የኔታን አየ።

«ጌታዬ፣ እኛ ንባብ ነን። ትርጓሜ ገና አልደረስንም።»

ቅርንጫፍ ሲመርጥ የነበረው አርበኛ ፊቱን አዞረ፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ይታየኛል። ግራዝማች ግን አልሳቁም። ይኼ በቃል የተጠና ነው፤ ፊደል የሚቆጥሩ ከሆነ አሁን ይለያል አሉ። ከመሬት አንድ ወረቀት አነሡና ጉልበታቸው ላይ ዘረጉት። ከዚያ ጠሩኝ፤ ከሁሉ ትንሿን። ሄጄ እንደ ልማዴ ከፊት ለፊታቸው ቁጭ አልሁ።

አየሁት። አንድም የማውቀው ፊደል የለበት! ጎጆዎቼ ሁሉ ጽዋ ሆነዋል። ወረቀቱ ለእኔ ቀንቶ ነው የተዘረጋው፤ ለሳቸው ተዘቅዝቆ ማለት ነው። ያን ጊዜ ይኸን መች አስቤው! የማውቀው፣ ካላነበብሁ የኔታ መሞታቸውን ብቻ ነው። እንባዬ ወረቀቱ ላይ ጠብ አለ።

አላልኋችሁም፣ አንድ ፊደል አታውቅም አሉ ግራዝማች።

የኔታ እጃቸው እንደታሰረ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ግራዝማች፣ ልጅቱ አመል አለባት። ለሷ ሲሉ አንዴ ያዙሩላት» አሏቸው።

ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል። ለሷ ሲሉ! አያችሁልኝ አነጋገር? እንዲህ ያለ አፍ ነው ከገመድ የሚያድን። ግራዝማች ወረቀቱን አዞሩት። ጎጆዎቼ ተመለሱ። ንባቡን ለቀቅሁታ! ግራዝማች በጣታቸው ከዚህም ከዚያም እየዘለሉ ጠየቁኝ፤ ሁሉንም መለስሁ። እሳቸውም የየኔታን ፊት አየት እያደረጉ፣ ልክ ነው፣ ልክ ነው ይላሉ።

አርበኞቹ ተንከተከቱ። ጣሊያን ያን ሁሉ ቤንዚን ያቃጠለው አንቺ ዘቅዝቀሽ እንድታነቢው ነው እንዴ አለኝ አንዱ። እኔም አዎ አልሁ።

የወንድሜን ልጅ እንግዲህ ምን ልበለው? አይገባቸውም ብለህ አትዘን፤ አለመግባትም ሰው አድኗል ልበለው? መቼም አሁን መጨረሻውን ስነግረው እሱም ይስቃል።

ግራዝማች ተነሥተው ገመዱን በገዛ እጃቸው ፈቱ። እኔ ወረቀቱን ያቃጥሉብናል ብዬ እግራቸው ሥር የተበተነውን እለቅማለሁ። እግር ሥር ያለች ልጅ ደግሞ ማን ያያታል? ወደ የኔታ ጆሮ ጎንበስ ብለው እንዲህ ሲሉ ሰማኋቸው፦

«የኔታ፣ አውሮፕላኑ ሲመለስ ለእኔም አንድ ያስቀሩልኝ። ብቻ ሲሰጡኝ፣ ላዩ በየት በኩል እንደሆነ ሹክ ይበሉኝ።»