ጋሽ ዱባለ በደረቅ ግቢ ጀልባ ሲመርጡ

የትም ሰፈር ሂዱ፣ ለራሱ አንድ ማንኪያ ሳይገዛ የሰፈሩን ዕቃ በሙሉ የሚመርጥ አንድ ሰው አይጠፋም። ከጦር ኃይሎች እስከ ዓለም ባንክ ሰፈር ድረስ ይህን ሥልጣን የያዙት ክቡር ጋሽ ዱባለ ናቸው። ማንም አልሾማቸውም፣ ደሞዝም የላቸውም። ግን ኮልፌ ውስጥ ፍሪጅ ወይ ፍራሽ ወይ አሮጌ መኪና ሊገዛ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሳቸውን በር ያንኳኳል። ባያንኳኳም ችግር የለም፤ ሰምተው ራሳቸው ይመጣሉ።

አመራረጣቸው እንደ ሌላው ሰው አይደለም። ዋጋ አይጠይቁም። የት አገር ተሠራ፣ ስንት ዓመት ዋስትና አለው፣ ግድ አይሰጣቸውም። አንድ ነገር ብቻ ነው የሚፈልጉት፦ ይመቻል ወይስ አይመችም? ለዚህ ደግሞ ዓይናቸውን አያምኑም። ይቀመጡበታል፣ ይተኙበታል፣ ከሆነላቸው ይንጠለጠሉበታል። ከዚያ ገዢውን ያስቀምጡና እንደ ሐኪም ጎንበስ ብለው፣ «እኔን አትጠይቀኝ፤ ወገብህን ጠይቀው» ይላሉ። ወገቡ ቶሎ ከመለሰ አይቀበሉትም። «አይ፣ እሱ ይሉኝታ ነው። ትንሽ ይቆይና እውነቱን ያወጣዋል።»

ጎረቤታቸው ወርቅአፈራሁ ሶፋ ልትገዛ ይዛቸው የሄደች ዕለት፣ ሱቁ ውስጥ ጫማቸውን አውልቀው ጋደም አሉ። «እንግዳ ሲበዛ ሶፋ ላይ የሚተኛው ማነው? ባልሽ አይደለም? እሱን ሆኜ ልየው» አሏት። ሆኑት። እንቅልፍ ጭልጥ አድርጎ ወሰዳቸው። ባለሱቁ መጀመሪያ ተቆጣ፣ ቀጥሎ ጨነቀው፣ በመጨረሻ ጃኬቱን አለበሳቸው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ነቅተው አንገታቸውን አሹና «ክንዱ ይቆረቁራል፤ እንሂድ» ብለው ወጡ። ወርቅአፈራሁ የገዛችው በስምንተኛው ሱቅ፣ እሳቸው እንከን ሲያጡለት ነው። ሶፋው በጣም ከመመቸቱ የተነሳ የመጣባት እንግዳ ሁሉ መነሳት እያቃተው ራት በልቶ ነው የሚሄደው። እስከ ዛሬ ትረግማቸዋለች።

አሮጌ ቪትዝ ሲያስመርጡ ደግሞ ሞተር አላስከፈቱም። ኋላ ወንበር፣ መሃል ላይ ሄደው ተቀመጡ። «ሹፌሩማ መሪ ይዟል፣ ይረሳዋል። ጉልበቱን ጆሮው ጋ አድርጎ ለሚሄደው ማን ያስብለት?» አሉ። ሻጩ በሩን ከፍቶ ውረዱልኝ ቢል፣ ቢለምን፣ እሳቸው በሐሳባቸው መንገድ ላይ ናቸው፤ ገና አየር ጤና እንኳን አልደረሱም።

እቤታቸው ብትሄዱ ታዲያ አንድ ደህና ወንበር የለም። ሁሉንም አይተው ሁሉንም ጥለውታል። ባለቤታቸው እትዬ ምሥራቅ፣ «ለሰው ሲመርጥ ሠላሳ ዓመቱ፤ እኔ በርጩማ ላይ አረጀሁ» ይላሉ፣ በርጩማው ላይ እንደተቀመጡ።

እንግዲህ ሰይፈዲን የወደቀው እንዲህ ያሉ ሰው እጅ ላይ ነው።

ሰይፈዲን ኮልፌ የመኪና ዕቃ ይሸጣል። ሃያ ዓመት ሙሉ እሑድ በመጣ ቁጥር ዝዋይ እየወረደ፣ ጀልባ እየቀዘፈ ቆሮሶ ዓሣ ሲያጠምድ ኖሯል። የዛሬ ሁለት ዓመት ሱቁ ውስጥ ከመሰላል ወድቆ ቀኝ ትከሻው ተበላሸ። ሐኪሙ «መቅዘፍ የሚባል ነገር እርሳው» አለው። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ገበያ የሌለው ሱቁን ይከፍትና፣ የመንጠቆውን ክር ሲፈታ፣ መልሶ ሲጠቀልል ይውላል። ልጁ ነኢማ የደነገጠችው አባቷ ስለ ዓሣ ማውራት ያቆመ ጊዜ ነው። ዓሣ አጥማጅ ያመለጠውን ዓሣ መጠን መዋሸት ካቆመ ታሟል ማለት ነው።

መፍትሔውን ስልኳ ላይ ያገኘችው እሷ ናት። «አባባ! በእግር የሚሄድ ጀልባ አለ!» አለችው። ካያክ ይባላል። ረዘም ያለ፣ አንድ ሰው የሚይዝ የፕላስቲክ ጀልባ ነው። በመቅዘፊያ ፋንታ እንደ ሳይክል ፔዳል አለው፤ ፔዳሉን ስትመታው ከሥር ማራገቢያ የመሰለ ነገር ይሽከረከርና ይገፋሃል። አንድ እጅ መሪ ይይዛል፣ ሌላው አርፎ ይቀመጣል። ደግሞ ሩቅ አልነበረም። ዓለም ባንክ ውስጥ መኳንንት የሚባል ሰው ሐይቅ ዳር ሎጅ ልከፍት ነው ብሎ ሦስት አስመጥቶ፣ ሎጁ ሳይሆን ሲቀር ግቢው ውስጥ ሸራ አልብሷቸው ነበር። ሰማያዊ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ። አገር ውስጥ ሌላ አለ የሚል ሰው ሰይፈዲን አላገኘም።

ስሕተት የሠራው እዚህ ጋ ነው። ደስታው ቢበዛበት ለጋሽ ዱባለ ነገራቸው።

«ጀልባ?» አሉ ጋሽ ዱባለ። በዕድሜያቸው የገቡበት ትልቁ ውሃ የቤቴል ጎርፍ ነው። ግን አልደነገጡም። «እሱማ ያው ወንበር ነው፤ ከሥሩ ውሃ ስላለ ነው ስም የተቀየረለት። ቅዳሜ እንሂድ።»

ሄዱ። ነኢማም አብራ ሄደች። ዓለም ባንክ ውስጥ ጀልባ መሞከሪያ ውሃ ከየት ይምጣ? መኳንንት ሁለት ያረጁ የመኪና ጎማዎች መሬት ላይ አጋድሞ ሰማያዊውን ካያክ ጫነባቸው። ሰይፈዲን ገባ። ጋሽ ዱባለ ሰዓታቸውን አዩ።

«አንድ ሰዓት ተኩል» አሉ።

«ምኑ ነው አንድ ሰዓት ተኩል?»

«የምትቀመጠው። ዓሣ ቀጠሮ ያከብራል እንዴ? በል ፔዳሉን ምታ።»

ሰይፈዲን ዓለም ባንክ መሃል፣ ጎማ ላይ፣ ወደየትም ሳይሄድ ይጋልብ ጀመር። ጋሽ ዱባለ እየዞሩ ያዩታል። «ጉልበትህ ጨርሶ ተዘረጋ፤ ፔዳሉን አቅርቡለት። አሁን ደግሞ ሆድህን ረገጥክ፤ አርቁለት።» መቀመጫውን ከፍ ቢያደርጉት ወገቡ ተመቸው፣ ጀልባው ግን እንደ ሰካራም ይወላገድ ጀመር። ዝቅ ሲያደርጉት ጀልባው ተረጋጋ፣ ጉልበቱ ግን አገጩ ጋ መጣ።

«ከፍ ሲል ይመቻል፣ ዝቅ ሲል ይረጋጋል» አሉ ጋሽ ዱባለ፣ ትልቅ ምርምር እንደጨረሰ ሰው ቀስ ብለው። «መሃሉን ነው የምንፈልገው።»

መሃሉን ፍለጋ ሦስት ቅዳሜ ሄደ። ሦስት! በዚህ መሃል የማዕበል ፈተና የሚባል ነገር አመጡ። «ማዕበል መጣ!» ይሉና ጀልባውን በጎን ይዘው ይወዘውዙታል። ሁለተኛው ቅዳሜ ላይ በረታ ያለ ማዕበል አምጥተው፣ ሰይፈዲንን ከነመቀመጫው የመኳንንት ጎመን ላይ ዘረገፉት።

«አየህ? ሰማያዊው ይገለበጣል» አሉ።

«እርስዎ እኮ ነዎት የገለበጡት!»

«ነፋስስ ሊያዝንልህ ነው?»

መኳንንት ስለ ጎመኑ አንድ ነገር ሊናገር አፉን ከፈተ። ነኢማ በዓይኗ ለመነችው፤ ዘጋው።

ሦስተኛው ቅዳሜ ቀዩ ተራ ደረሰው። ሰፊ ነው፣ መደገፊያው ወገብን እቅፍ ያደርጋል፣ ጋሽ ዱባለ ማዕበል ቢያመጡበት ቢያመጡበት ንቅንቅ አላለም። ሰይፈዲን ሁለት ሰዓት ተቀመጠበትና ዓይኑን ጨፍኖ «አልሃምዱሊላህ» አለ። «ይሄ ነው በቃ። ወገቤ ራሱ መነሳት አልፈለገም።»

«አይሆንም» አሉ ጋሽ ዱባለ።

«ለምን?»

ጋሽ ዱባለ ነኢማን አዩ፣ መሬቱን አዩ። «አይሆንም አልኩህ እኮ። አረንጓዴውን ገና አላየነውም። ለሚቀጥለው ቅዳሜ።»

ይሄኔ መኳንንት ጣልቃ ገባ። «ወንድሜ፣ የሚቀጥለው ቅዳሜ የሚባል የለም። አንድ የሐዋሳ ሰው ሦስቱንም ልውሰድ ብሏል። ሐሙስ ይመጣል።»

ሰይፈዲን ተነስቶ ቆመ። ለሃያ ዓመት «ጋሼ» ሲል የኖረ ሰው ድምፁ ተቀየረ። «ጋሼ፣ እኔ ጀልባ ነው የምገዛው፣ ልጄን እየዳርኩ አይደለም! ሁለት ዓመት እንደማይሸጥ ዕቃ ሱቅ ውስጥ ተጎልቻለሁ። ይሄ ካመለጠኝ ሐይቁን ድጋሚ አላየውም። ወላሂ በቃኝ። ከአሁን በኋላ አይምጡብኝ።»

ጋሽ ዱባለ ባርኔጣቸውን አደረጉ። «እሺ» አሉ፣ ወጡ። ፌርማታው ላይ ቆመው ያየቻቸው ነኢማ ናት። አንድ ባዶ ሚኒባስ መጣ፤ ሳይገቡ አሳለፉት። ሌላም መጣ፤ አሳለፉት።

ረቡዕ ጠዋት ሰይፈዲን የጓደኛውን መኪና ተውሶ፣ ነኢማን ይዞ ቀዩን ሊያነሳ ሄደ። መኳንንት በሩን ሲከፍት ፊቱ ሳይተኛ ያደረ ሰው ፊት ይመስላል።

«እንኳን መጣህ! ሰውዬህን አንሳልኝ» አለ።

«የምን ሰውዬ?»

መኳንንት በእጁ አሳየው። አረንጓዴው ካያክ ጎማ ላይ ተጭኗል። ውስጡ ጋሽ ዱባለ ተቀምጠዋል። ቀኝ እጃቸው ደረታቸው ላይ በጋቢ ጥፍር ተደርጎ ታስሯል። በግራ እጃቸው መሪውን እያዞሩ፣ ላባቸው እየወረደ፣ ፔዳሉን ይመታሉ።

«ከእሑድ ጀምሮ በየጠዋቱ ነው የሚመጡት» አለ መኳንንት። «አንዴ ቀዩ ላይ፣ አንዴ ሰማያዊው ላይ፣ አንዴ እዚህ። በር አልከፍትም ብል አጥሩ ሥር ቁጭ አሉብኝ። እጃቸውን ያሰርኩት እኔ ነኝ፤ ጠበቅ አድርገህ እሰር ብለውኝ።»

ሰይፈዲን አጠገባቸው ሄዶ ቆመ።

«ቀዩ መሪው በቀኝ በኩል ነው» አሉ ጋሽ ዱባለ፣ ቀና ሳይሉ። «በግራ እጅህ ልትይዘው ስትዞር ወገብህ ይጠመዘዛል። ሁለት ሰዓት አይታወቅህም። ሦስተኛው ላይ ሳታስበው ቀኝ እጅህን ትሰዳለህ። ያኔ ትከሻህ አለቀለት። እኔ ራሴ ይሄ ጋቢ ባይይዘኝ ስንቴ ሰድጄው ነበር።»

«ለምን ያን ጊዜ አልነገሩኝም?»

ጋሽ ዱባለ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጅህ ቆማ? እጅህ አይሠራም ልበልህ በሰው ፊት?»

ነኢማ ሰምታለች። ዞር ብላ የመኳንንትን ጎመን ታይ ጀመር።

«ይሄኛው መሪው በግራ ነው» አሉ ጋሽ ዱባለ። «እንደ ቀዩ ሰፊ አይደለም፣ እውነቱን ልንገርህ። ግን መቀመጫውን ሁለተኛው ቀዳዳ ላይ ስታደርገው አይወላገድም፣ ጉልበትም አያስቸግርም። ግዛው።»

ግዛው! በሠላሳ ዓመት ውስጥ ይህቺ ቃል ከአፋቸው ስትወጣ የሰማ ሰው የለም። መኳንንት ሐሳባቸውን ሳይቀይሩ ብሎ ሸራውን ሊጠቀልል ሮጠ።

«አሁን አውጡኝ» አሉ ጋሽ ዱባለ። «ከንጋት ጀምሮ ነው ያለሁት፤ እግሬን የት እንዳደረግኩት አላውቅም።» ለሦስት ጎትተው አወጧቸው።

እሑድ ጠዋት አረንጓዴው ካያክ በመኪናው ጣሪያ ፖርቶመጋላ ላይ ታስሮ ዝዋይ ወረደ። እትዬ ምሥራቅ ሲሸኟቸው «ደግሞ ሐይቁ አይመችም ብለህ ሰውየውን እንዳትመልሰው» ብለው ነበር፤ ጋሽ ዱባለ ግን ውሃውን ሲያዩ ባርኔጣቸውን ወደ ኋላ ገፋ አደረጉ። እንዲህ ሰፊ ይሆናል ብለው አላሰቡም።

ነኢማ ለአባቷ ላይፍ ጃኬቱን አሰረችለት። ሰይፈዲን ገባ፣ «ቢስሚላህ» አለና ፔዳሉን መታ። ጀልባው በሸምበቆው መሃል ባለች ጠባብ መንገድ ሹልክ ብሎ ወጣ። ድምፅ የለውም። ትከሻው ዝም አለ፣ ወገቡ ዝም አለ። ሁለት ዓመት ሲፈታና ሲጠቀልል የነበረውን ክር ሊወረውር ሲል ነው ነኢማ የጮኸችው።

«አባባ! ጋሽዬ! ጋሽዬን!»

ዞሮ አየ። ጋሽ ዱባለ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ጠቅልለው፣ ባርኔጣቸውን እንዳደረጉ፣ ዓይናቸውን ከሱ ሳይነቅሉ ሐይቁ ውስጥ እየተራመዱ ነው። የተጠቀለለው ሱሪ ውሃው ሥር ከጠፋ ቆይቷል። ውሃው ደረታቸው ጋ ደርሷል። አላወቁትም።

ሰይፈዲን በግራ እጁ መሪውን ሳበ። በዚያች ጠባብ ቦታ፣ ሸምበቆ ግራና ቀኝ እየገረፈው፣ ጀልባው በአንዴ እጥፍ ብሎ ዞረ። ባለ በሌለ ጉልበቱ እየመታ ሲደርስ ውሃው አገጫቸው ሥር ነበር። የጀልባውን ጠርዝ በሁለት እጃቸው ያዙ።

«ጋሼ፣ ዋና ይችላሉ?»

«የት ተምሬ?»

«ታዲያ ምን ሊያደርጉልኝ ነው የሚከተሉኝ?»

ጋሽ ዱባለ ጥርሳቸው እየተንቀጫቀጨ አሰቡ። «እንጃ» አሉ። «ስትርቅ ሳይህ... እግሬ ዝም ብሎ ሄደ።»

ሰይፈዲን በቀኝ እጁ፣ በዚያ በማይታዘዘው፣ ኮሌታቸውን ጨምድዶ ያዘ። አመመው። አልለቀቀም። በግራው መሪውን ይዞ፣ ፔዳሉን ቀስ፣ ቀስ እያለ እየመታ፣ ወደ ዳር አመጣቸው።