የጋሼ ኪዳነ ወልድ ሳተላይት

በየሰፈሩ ጎረቤቱን የማያምን፣ ሰማይን ግን አምኖ የሚያድር አንድ አዋቂ አይጠፋም። ለሐይቅ ዳሯ ሰፈር ለሰባታሚት የደረሷት ጋሼ ኪዳነ ወልድ ናቸው፤ የፋብሪካ ንብረት ክፍል ጡረተኛ፣ ልጃቸው ስልክ ከገዛላቸው ወዲህ ደግሞ የሳተላይቶች ሁሉ የበላይ ኃላፊ።

ይህን ሹመት ከአጥር ጎረቤታቸው ከዘይነት በላይ የሚያውቅ የለም። ሰባት ዓመት ሙሉ በአጥራቸው ጥግ፣ ከአንድ ማንጎ ዛፍ ጥላ ሥር ዓሣ ስትጠብስ ስብከታቸውን ሰምታለች። «ሳተላይት አይዋሽም!»

አንድ ቀን እዚሁ ተወልዶ ያደገ የባጃጅ ነጂን በስልካቸው እየመሩ ሐይቁ ዳር ደንገል ውስጥ ከተቱት። «ሳተላይት አይዋሽም፤ ሐይቁ ነው ያለቦታው የመጣው» አሉ፣ ካልሲያቸውን እየጨመቁ። ሌላ ቀን ዶፍ ወርዶባቸው ሲመጡ ዘይነትን አላስቻላትም።

«ጋሼ፣ ሳተላይቱ ዝናብ የለም አላለም?»

«የለም ብሏል።»

«ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?»

«ጤዛ ነው» አሉ፣ ጢማቸው እየተንጠባጠበ።

ዘንድሮ ግን ሳቋ ጠፋ። ጋሼ የቁጥቋጦ አጥሩን አንሥተው ግንብ ሊያቆሙ ሆነ። ማንጎው ድንበር ላይ ነው፤ በእሳቸው በኩል ከዋለ ለግንቡ ይቆረጣል፣ ዘይነትም ከነመጥበሻዋ ፀሐይ ላይ ትቀራለች። ድንበሩን ለመለየት ሽማግሌ ቢሰበሰብ «ሰው ይረሳል!» ብለው፣ የይዞታ ካርታውን የድንበር ነጥቦች ስልካቸው ላይ ሞልተው መራመድ ጀመሩ። እንደ ልማዳቸውም ጮክ ብለው አነበቡ፦

«ማንጎው... ሁለት እርምጃ... በዘይነት ግቢ።»

ሽማግሌዎቹ አፋቸውን በጋቢ ሸፈኑ።

«አይዋሽም አይደል ጋሼ?» አለ ጎረቤታቸው አካሉ።

«አይዋሽም» አሉ፣ ኮሶ እንደ ጠጣ ሰው።

በማግስቱ ጧት፣ ግንበኞቹ ሳይደርሱ፣ ዘይነት ከሰሏን ስታቀጣጥል ጋሼ እንደገና እየለኩ ብቅ አሉ።

«ማንጎው... ሦስት እርምጃ ወደ እኔ...» ቀና ሲሉ እሷን ከነምድጃዋ አዩ። የዘይነት ማራገቢያ እጇ ላይ ቀረ።

«ዛሬስ ምን ይላል ጋሼ?»

ስልኩን ኪሳቸው ከተቱ። «ዛሬ ምን ይታየዋል ብለሽ ነው፤ ደመና ነው። የትናንቱ ይጸናል።»

ዘይነት ቀና ብላ አየች። ሰማዩ እንደ ታጠበ ሰሃን ጠርቷል።

«ልክ ነዎት» አለች፣ የመጀመሪያውን ዓሣ ዘይቱ ላይ እየጣለች። «ሊዘንብም ነው። ይምጡ፣ ሳይመታዎት ማንጎው ሥር ይጠለሉ።»