የአቶ ክራፖል ጆሮ
ወርክሾፕ ጣራ ሊያጣ ይችላል፤ አንድ «ገና ነው» ባይ ግን አያጣም። ሁሉም ጨርሶ እጁን ሲታጠብ፣ ጭነት መኪናው ደጅ ላይ ሞተሩን አስነስቶ ሲጠብቅ፣ ይህ ሰው አንገቱን ዘንበል አድርጎ «ገና ነው» ይላል። የኛው ክቡር አቶ ዌንደሊን ክራፖል ናቸው፤ የሴራሚክ እግሮች ታላቅ አድማጭ።

እግር ስል የሰው እግር እንዳይመስላችሁ። መኪና ጠዋት በብርድ ሲነሳ ጭሱ ሳይጣራ እንዳያመልጥ፣ በጭስ ማውጫው ውስጥ በኤሌክትሪክ የሚግል የብረት ወንፊት ይቀመጣል። ወንፊቱ ቱቦውን ከነካ ኤሌክትሪኩ ወደ ቱቦው ይሄዳል፤ ከላላም ተንቀጥቅጦ ይሰበራል። ስለዚህ የጣት አንጓ በሚያካክሉ የሴራሚክ እግሮች ላይ ይቆማል። ከጀርመኗ የኮሎኝ ከተማ ማዶ፣ ኮረብታው ላይ፣ አሥራ አንዳችን የምንሠራው እነሱን ነው።

አቶ ክራፖል እያንዳንዷን በክር አንጠልጥለው፣ በሻይ ማንኪያ እጀታ ነካ ያደርጉና ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ደህናዋ «ቲንንን» ትላለች። ዓይን የማያየው ስንጥቅ ያለባት «ጠ» ብላ ዝም። ድምፁ ከእኛ ጆሮ ከጠፋ በኋላም እሳቸው ይከተሉታል፤ በመስኮቱ ወጥቶ፣ በጥዱ ጫካ አልፎ፣ ከወንዙ ጭጋግ ውስጥ እስኪገባ የሚሸኙት ይመስለኛል። አዲስ ሠራተኛ ሁሉ በመጀመሪያው ቀን «ሰውዬው እንቅልፍ ወስዷቸዋል» ብሎ ያሳብቅባቸዋል። አንድ ጊዜ መመርመሪያ ማሽን ገዛንላቸው። ማሽኑን ራሱን በማንኪያ አንኳኩተው፣ አደመጡና «ገና ነው» አሉ። ባለቤታቸው እንደሚሉት «አገባሃለሁ» ሲሏቸው እንኳ ጥቂት አዳምጠው ነው የሳቁት።

ዘንድሮ የካርኒቫል ሐሙስ ለት፣ ከጾም በፊት የጎዳና ጭፈራ በሚጀመርበት ቀን፣ ግን ጉድ ፈላ። አርባ እግሮች ለአንድ ትልቅ ደንበኛ ለናሙና መሄድ ነበረባቸው። ትእዛዙን ካላገኘን ለፋሲካ በራችን ይዘጋል። ጭነቱን የምልከው እኔ ነኝ፤ ሾፌሩ ደግሞ ከአምስት ተኩል በኋላ አንዲት ደቂቃ አልቆምም ብሏል። ያን ቀን አምስት ሰዓት ከአሥራ አንድ ደቂቃ ሲሆን በኛ አገር ሥራ የሚባል ነገር የለም። ሴቶቹ መቀስ ይዘው የወንዱን ክራቫት ሊቆርጡ ይወጣሉ፤ ከበሮው ግቢውን ይንጠዋል። በዚያ ከበሮ መሃል ማን «ቲንን» ይሰማል?

አቶ ክራፖል አርባዎቹ እግሮች ያሉበትን ትሪ አንስተው ወጡ፤ ግቢ የቆመችው አሮጌ መኪናቸው ውስጥ ገብተው በሩን ዘጉ። በመስታወቱ አያቸዋለሁ፤ ቀይ ክራቫት፣ የተጨፈነ ዓይን።

«ወንድሜ፣ ሄድኩልህ!» አለ ሾፌሩ።

የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይባላል፤ እኔ ግን አፈሰስኩት። የምርመራ ወረቀቱን አውጥቼ «አርባ፣ ደህና» ብዬ ጻፍኩና በአቶ ክራፖል ስም ፈረምኩ። ትሪውን ልቀበላቸው ወደ መኪናቸው ተራመድኩ።

ይሄኔ የማሸጊያ ክፍሏ ሄድቪግ መቀሷን ይዛ የመኪናቸውን መስኮት አንኳኳች። እሳቸውም መስታወቱን ትንሽ ዝቅ አደረጉ።

«ሄድቪግ፣ በናትሽ፣ አንዷ አልናገር አለችኝ። ክራቫቴን ቁረጪው፣ ከፈለግሽ አንገቴንም ጨምሪ፤ መጀመሪያ ግን እነዚህን ዝም አሰኚልኝ።»

«እናንተ! ዝም በሉ! አቶ ክራፖል እያዳመጡ ነው!»

ከበሮው ቆመ። በካርኒቫል ሐሙስ፣ በዚያች ሰዓት! ሲጨፍሩ የበተኑት የወረቀት ብጥስጣሽ ብቻ ቀስ ብሎ ይወርዳል። የፈረስ ጭንብል ያጠለቀችው ሂሳብ ሹማችን እንኳ ትንፋሿን ዋጠች። አቶ ክራፖል በማንኪያው ነካ አደረጓት።

«ጠ።»

ሁላችንም ሰማነው።

ሠላሳ ዘጠኙን ይዘው መጡና ወረቀቱን ከእጄ ተቀበሉ። የገዛ ፊርማቸውን አዩ። እኔን አዩኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አርባውን ሰርዘው «ሠላሳ ዘጠኝ፤ አንዷ አሟት ቀርታለች» ብለው ጻፉ። ፊርማውን ግን አልነኩትም።

«አሁን የኔ ሆነ» አሉና ለሾፌሩ ሰጡት። ከዚያ አንገታቸውን ለሄድቪግ መቀስ አቀረቡ።

በሳምንቱ ከደንበኛው ደብዳቤ መጣ፤ የዓመቱን ትእዛዝ ሰጡን። «አንዷን ያስቀሩት ሰውዬ ሁሉንም እንዲያዩልን» ይላል።

ደብዳቤውን ይዤ ሄድኩና «አቶ ክራፖል፣ ለምን ለአለቃችን አልነገሩብኝም?» አልኳቸው።

ማንኪያቸውን አንስተው ግንባሬን በእጀታው ነካ አደረጉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቆሜ ጠበቅኩ፤ ረጅም ጊዜ ነው የጠበቅኩት።

«ገና ነህ» አሉ በመጨረሻ። «ስንጥቅ ግን የለብህም።»