ሆዴን ከእኔ በላይ የሚያውቀው ሰውዬ

የሰው ሆድ ውስጥ ገብቶ ካላዘዝኩ የሚል ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ እሁድ እሁድ ከእንዲህ ዓይነቱ ሰው ጋር ከቀበና እንጦጦ ድረስ ብስክሌት እነዳለሁ። ቆርቆሮ ነጋዴ ነው፤ ምክሩ ስለበዛ ግን ዶክተር እንለዋለን።

ረጅም መንገድ ስነዳ ሆዴ የሚችለው በማር የታሸ በሶ ብቻ ነው። ሙዝ ይነፋኛል፣ ብስኩት ያንቀኛል። ባለፈው ዳገቱን ልንጀምር ስንል ዶክተር በሶዬን ከእጄ ነጠቀኝ።

«ይሄ የገበሬ ስንቅ ነው» አለና ከውጭ የመጣ፣ ለስፖርተኛ ጉልበት ይሰጣል የሚባል የጄል እሽግ ቀደደ። «በሞቴ፣ ይቺን ብቻ።»

በሞቴ የተባለ ሰው ምን ይላል? አፌን ከፈትኩ፤ እንደ ጉርሻ ጨመቀልኝ።

ዳገቱን ሳንጋምስ ባሕር ዛፍ ሥር ተንበርክኬ ቁርሴን ሁሉ አስመለስኩ። ቀና ስል ዶክተር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ በሶዬን ይበላል።

«እንዳይበላሽ ብዬ ነው» አለኝ፣ አፉ እንደሞላ።

በሚቀጥለው እሁድ የራሱን በሶ ይዞ መጣ። አዳዲሶቹን ብስክሌተኞች ሰብስቦ፣ ለዳገት ከበሶ የሚሻል እንደሌለ ሲያስተምር ደረስኩ። እኔን ሲያይ ምን ቢል ጥሩ ነው?

«የአንተው በሶ ማር ይበዛዋል፤ ሆድህን የረበሸው እሱ ነው።»

እስኪ ፍረዱኝ፤ ይሄን ሰውዬ በሞቴ ብዬ ምን ላጉርሰው?