የካሣ ድምፅ እንደወረደ

ሰው በመሣሪያ ውስጥ አልፎ ራሱን መስሎ የሚወጣበት ጊዜ ጥቂት ነው። መታወቂያዬ ላይ ያለውን ፎቶግራፍ ያየ ሁሉ «ወንድምህ ነው?» ይለኛል። ድምፅም ያው ነው። ይህን የተማርኩት በንጉሡ ዘመን ማብቂያ፣ ሰቆጣ አስተማሪ ሳለሁ ነው፤ ለዚያውም ከጊታር ማጉያ።

ጊታር ሰቆጣ ምን ይሠራል እንዳትሉኝ። ወጣት ነበርኩ፤ ጎፈሬዬ በበር አልገባ ይል ነበር። ጊታሬን ከነማጉያው በጭነት መኪና አስመጥቼ፣ የትምህርት ቤቱ ጄነሬተር በተነሣ ቁጥር አገሬውን አደነቁር ነበር። ማጉያው ፊቱ ላይ የጊታር መሰኪያ አለው፤ በዚያ የገባ ድምፅ ወፍሮ፣ ተንቀጥቅጦ፣ አምሮ ይወጣል። ጀርባው ላይ ደግሞ ሌላ መሰኪያ ነበረው። እሱ ምንም አይጨምርም፣ ምንም አይቀንስም፤ የሰጡትን እንደወረደ ያሰማል። እንዲህ ያለ ሐቀኛ ነገር ለማን ይጠቅማል ብዬ አንድም ቀን ነክቼው አላውቅም።

አከራዬ እማማ ብርነሽ አሥመራ የሚሠራ ካሣ የሚባል አንድ ልጅ ነበራቸው። ዓመት ሙሉ ወሬው ጠፍቶ ከረመና አንድ ቀን አንድ ሹፌር ቴፕ ከነካሴቱ ይዞ መጣ፤ ካሣ ድምፁን ቀድቶ ልኳል። ምን ዋጋ አለው፣ የቴፑ ድምፅ ማውጫ መንገድ ላይ ተቀድዷል። እኔ ታዲያ ደረቴን ነፍቼ ከማጉያዬ ጋር አገናኝቼ አሰማለሁ አልኩ። ደስታው የጋራ ይሁን ብዬም ዘመድ ጎረቤቱን፣ የደብሩን ቄስ፣ ልጃቸውን ለካሣ ያጩለትን ግራዝማች ወልዱን ሳይቀር ትምህርት ቤት ጠራሁ። ግራዝማች ከጽጽቃ ድረስ በበቅሎ መጡ።

ስህተቴ እዚህ ላይ ነው። መርዶ ለሰው ብቻውን አይነገርም፤ ዘመድ ይሰበሰባል፣ ቄስ ይጠራል። እማማ ብርነሽ ገብተው ያንን ሁሉ ሰው ሲያዩ ፊታቸው አመድ መሰለ። ማንም አልሞተም ብል ማን ይስማኝ? መርዶ ነጋሪ ሁሉ መጀመሪያ የሚለው ይህንኑ አይደል?

ቶሎ ድምፁን ላሰማቸው ብዬ በለመደው እጄ የቴፑን ገመድ ፊት ለፊት ሰካሁት። ካሣም ጉድጓድ እንደገባ ሰው ወፍሮ፣ እየተንቀጠቀጠ «እናትዬ፣ ደህና ነኝ» አለ።

እማማ ብርነሽ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ማሰር ጀመሩ። በአገሩ ቋንቋ፣ በኽምጠኛ፣ አንድ ነገር አጉረመረሙና ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ ይህ የካሣ ድምፅ አይደለም። በእሱ ስም ሌላ ሰው አናግራችሁ አታባብሉኝ፤ ተውኝ እርሜን ላውጣ» አሉኝ። ሴቶቹ ቀድመው እንባቸውን መጥረግ ይዘዋል። በቁሙ ያለ ሰው ሊለቀስለት ነው፤ ያውም በእኔ ጊታር ማጉያ! የጀርባው መሰኪያ ትዝ ያለኝ ይኸኔ ነው። ካሴቱን ወደ ኋላ መልሼ ገመዱን እዚያ ሰካሁት።

ካሣ ወጣ። ቀጭን፣ በአፍንጫው የሚናገር፣ እናቱ የሚያውቁት ካሣ። እማማ ብርነሽ እልል ብለው ማጉያውን አቅፈው ሳሙት። ዛሬ ጊታሩም የለ፣ ጎፈሬውም የለ፤ ያችን ከሰዓት በኋላ ግን አልረሳትም።

ታዲያ እንደወረደ ማለት ሁሉም እንደወረደ ነው። ካሣ አሥመራ ላይ ብቻውን እንደሚኖር፣ እጮኛውን እያሰበ እህል አልበላ እንዳለው እያወራ ሳለ፣ ቅድም በጩኸቱ ተውጦ የነበረው ሁሉ ጥርት ብሎ መጣ። መጀመሪያ የድስት ክዳን ወደቀ። ቀጥሎ ሕፃን አለቀሰ። ከዚያ አንዲት ሴት በትግርኛ ልጅህን ያዝልኝ አለችው።

ግራዝማች ወልዱ ቀስ ብለው ከተቀመጡበት ተነሡ። እማማ ብርነሽም ማጉያውን እንዳቀፉ ቀና አሉ፤ ግራዝማችን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ቅድምስ ብዬ አልነበር?» አሉ ጮክ ብለው። «ይህ የካሣ ድምፅ አይደለም!»