ከኦቾሎ በታች የጠፋው ሞተር

ሰው ስለ መኪናው ሲያወራ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ስለ ልጁ እንኳ እንዲያ አያወራም።

አርባ ምንጭ በተመለስኩ ሰሞን ወሬው ሁሉ ተርቦ ስለሚሉት የመኪና ዕቃ ነበር። ሠላሳ ዓመት ካርቱም፣ አንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አቧራ ስጠርግና ሳነብ ኖሬ ብመጣ፣ እንዴት ከረምሽ የሚለኝ ጠፋ። የማን ፒክአፕ ከጫሞ ሐይቅ ዳርቻ ዓሣ ጭኖ ቀድሞ ገባ? የማን ዳገቱን በስንተኛ ማርሽ ወጣ? ይኸው ነው።

ከጫኖ በፒክአፑ ሙዝ የሚያመላልሰው ጎረቤቴ ማቴዎስ አስረዳኝ። ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ ትንሽ መዘውር ያዞራል። መዘውሩ አየር አምቆ መልሶ ሞተሩን ያጎርሰዋል። ትንሹ ሞተር የትልቅ ጉልበት ያገኛል።

"በአጭሩ እማማ፣ ትንፋሽ ይጨምርለታል" አለኝ።

እንግዲያው ለወንድሜም አንድ ይግጠሙለት አልኩት።

ቀልዴን አልነበረም። ታላቅ ወንድሜ፣ ጋሼ፣ ተራራው ላይ፣ ኦቾሎ መንደር፣ ትንፋሽ እያጠረው ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ሚስቱ ደወለች። ከንፈሩ ጠቁሯል፣ ዛሬውኑ ሆስፒታል ካልገባ አያድርም አለችኝ። ማቴዎስን ለመንኩት። ሙዙን አራግፎ መጣ።

ዳገቱን ስንያያዘው ተርቦው ማፏጨት ጀመረ። አልዋሽም፣ ይበርራል። እኔ ግን የበሩን እጀታ አንቄ የጋሼን ትንፋሽ አሰላለሁ። ያላነበበ ሰው ታድሏል። ያነበበ የበሽታውን ሁሉ ስም ከነመጨረሻው ያውቃል።

ከኦቾሎ በታች አንድ ዱቡሻ አለ፤ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ነገር የሚያዩበት ሜዳ። በእኔ ጊዜ በዚያ በኩል ከበቅሎ ሳይወርድ የሚያልፍ አልነበረም። አቁም አልኩት። አቆመ፤ ሞተሩ ግን ያጉረመርማል።

"አጥፋው።"

"እማማ፣ ዳገት የወጣ ተርቦ ወዲያው አይጠፋም። መዘውሩ ግሎ እየዞረ ነው፤ ዘይት ከተቋረጠበት ያርራል። ደግሞ አሮጌ ነው። ሁለት ደቂቃ ልተወው።"

"በሽማግሌ ፊት ሞተር ታስጮሃለህ? የማን ልጅ ነህ ቢሉህ ምን ልትል ነው?"

አጠፋው። ምን ያድርግ?

ወርጄ ጎንበስ ብዬ ሰላም አልኩ። የጋሞ ሰላምታ ደግሞ ቶሎ አያልቅም፤ ከብቱ አለ፣ እንሰቱ አለ፣ ዝናቡ አለ። ወዴት ነሽ አሉኝ። ጋሼን ሆስፒታል ላወርድ ነው አልኩ።

ተመልሼ ስገባ ማቴዎስ ሞተሩን አስነሳ። ፉጨቱ ብረት በብረት የሚፋቅ መሰለ። ከኋላችን ሰማያዊ ጭስ ተነሳ፤ ጉልበቱ የለም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላሉ። እኔ ተረጋግቼ ነው ያፈሰስኩት። በአንደኛ ማርሽ ስንንፏቀቅ ገብስ የጫነች አህያ አለፈችን። ባለቤቷ ዘወር ብላ፣ "አህያዋን ላውሳችሁ?" አለች። ማቴዎስ መስኮቱን ዘጋ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ደጁ ስንደርስ ጋሼ የለም። 

"አለፈ?" አልኩ።

"ኧረ ወሰዱት" አለች ሚስቱ። የመንደሩ ጎረምሶች ቃሬዛ ይዘው መጥተው፣ እየተፈራረቁ በእግር መንገዱ አቋርጠው አወረዱት። አስፋልቱ ዳር ባጃጅ ላይ ጫኑት። እኛ ጭሳችንን እየጎተትን ሆስፒታል ስንገባ፣ አፍንጫው ላይ ቱቦ ተሰክቶለት ትራስ ተደግፎ ነበር። ከንፈሩ ቀልቷል።

"በመኪና ነው የመጣሽው?" አለኝ። "ከካርቱም የምትልኪው ደብዳቤም እንዲሁ ነበር የሚዘገየው።"

ሐኪሙ፣ ትንሽ ቢዘገይ ኖሮ አናተርፈውም ነበር አለኝ። ያን ቀን ተቀምጬ አለቀስኩ።

ቃሬዛውን በሞባይል ያስጠሩት እነዚያ ሽማግሌዎች መሆናቸውን ኋላ ሰማሁ። ልቤ ኮራ። አዲስ ተርቦ ፍለጋ የሚንከራተተውን ማቴዎስን ሳይቀር፣ አየህ፣ አክብሮት እንዲህ ነው የሚከፍለው አልኩት። ከሳምንት በኋላ ላመሰግናቸው ወጣሁ። ወርጄ ስላከበርኳችሁ ወንድሜን አተረፋችሁልኝ አልኳቸው።

ትልቁ ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው ሳቁ።

"ስለ አክብሮቱማ እግዜር ይስጥልን፣ ልጄ። እዚህ የሚቆም ፒክአፕ ሁሉ ሞተሩን ሳያጠፋ ነው ሰላም የሚለን፤ ለምደነዋል። ያንቺው ዝም ሲል፣ በቃ ተበላሸባት ብለን ነው ቃሬዛ የጠራነው።"